የአያ እንድሪስ ጽጌረዳ

አያ እንድሪስ መሞታቸውን የሰማሁት ደሴ መናኸሪያ አጠገብ፣ ከመካነ ሰላም ሚኒባስ ገና ከወረደች የድሮ ተማሪዬ ነው። ከተቀበሩ ሳምንት አልፏቸዋል አለች። ዕድሜ ጠግበው፣ አልጋቸው ላይ፣ ብዙም ሳይሰቃዩ ነው የሄዱት ብላ አጽናናችኝ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርኩ። ቀጥላ ግን፣ «ቂም የማያውቁ ሰው ነበሩ፤ ቀብራቸው ላይ ሁሉም ይህንኑ ሲል ነበር» አለችኝ፤ እዚያው መንገድ ላይ ደሜ ፈላ።

ሰው ሲሞት እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ጥርሱን አውልቀው ይቀብሩታል። አያ እንድሪስ ቂም ያውቁ ነበር። ቂምን ኮትኩተው፣ ውሃ አጠጥተው፣ ነቀዝ ሳያስነኩ ያሳደጉ ሰው ናቸው። በሕይወቴ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ እሳቸውን የማልረሳቸው በዚሁ ነው። ከሞቱ በኋላ ማንም እንዲነጥቃቸው አልፈቅድም፤ ስለዚህ ቤቴ ገብቼ ይህንን መጻፍ ጀመርኩ።

መካነ ሰላም አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩት ከስልሳ አምስቱ ክፉ ቀን ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። የተከራየኋት አንዲት ክፍል ከከተማው ዳር፣ የአንድ ቀኛዝማች ግቢ ውስጥ ነበረች። የቀኛዝማቹን ስም አልጽፍም። ልጆቹን ፈርቼ አይደለም፤ ስሙን ጽፌ ዕድሜ አልቀጥልለትም ብዬ ነው። በዚያን ጊዜ ቀኛዝማቹን «አንቱ»፣ አትክልተኛውን እንድሪስን «አንተ» ነበር የምንላቸው። ዛሬ ብዕሩ በእኔ እጅ ስለሆነ አገላብጬዋለሁ።

አያ እንድሪስ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሄዱ አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። አገራቸው ከወግዲ ወደ ታች ወርዶ ቆላው ነው። በጣሊያን ጊዜ፣ ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ ደሴ አንድ ጣሊያን ቤት ተቀጥረው አትክልት ተምረዋል። ጣሊያኑ ሲሄድ አንድ መቀስ ወረሱ። ከአትክልቱ ደግሞ አጥር ላይ የምትወጣ ጽጌረዳ ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ ጫፏን ድንች ውስጥ ሰክተው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ወጡ። የሄዱበት አገር ሁሉ ከዚያችው ዘር እየቆረጡ ይተክሉ ነበር። የቀኛዝማቹም ግቢ የደረሰችው እንደዚሁ ነው።

ስለ ጽጌረዳዋ ሲናገሩ ስለ ሰው የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። ቅጠሏን ውሃ አታስነኪ፣ ታሳምሚያታለሽ፤ የምትጠጣው በእግሯ ነው ይሉኛል። ቅማል ሲወርራት በእንዶድ ውሃ ያጥቧታል። አመዱን ለይተው፣ ያደረ የከብት ፍግ ቀላቅለው፣ ሥሯን ሳይነኩ ራቅ አድርገው ይከምሩላታል። ዋናው ምሥጢራቸው ግን አስተሳሰራቸው ነበር። ይህች ዓይነቷ ጽጌረዳ ወደ ላይ ብቻ ከለቀቋት ቅጠል ታበዛለች እንጂ አበባዋ ጫፏ ላይ ብቻ ይቀራል። ረጅሙን ክንዷን ጎንበስ አድርገው በአግድም ካሰሯት ግን ከየአንጓው ቀንበጥ ታወጣና ከላይ እስከ ታች ታብባለች። የሚያስሯት በቃጫ ነው፤ ቋጠሮውም ጫፉን ሲስቡት ወዲያው የሚፈታ ነው። በየዓመቱ ትወርዳለች፣ ትከረከማለች፣ ተመልሳ ትታሰራለችና ቋጠሮው መጥበቅ የለበትም ይሉ ነበር።

ይህንን የአግድሙን ነገር አንድ ቀን ለቀኛዝማቹ ሲያስረዱት ሰማሁ። ቀኛዝማቹ ሳቀ፤ «እንደ ጭሰኛ ናታ! ካላጎበጧት አትሰጥም» አለ። አያ እንድሪስም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ «አዎ ጌታዬ» አሉት። ከዚያ በኋላ ቀኛዝማቹ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህችን ቀልዱን ይደግማት ነበር።

በስልሳ አምስት በልጉ ቀረ። ክረምቱም ለስሙ ያህል ጣል ጣል አድርጎ ሄደ። ከቆላው ሰው ወደ ደጋ መውጣት ጀመረ። በመጀመሪያ ከብቱን ለመሸጥ ነበር፤ በኋላ ከብት አልነበረውም፣ ዝም ብሎ ይመጣ ነበር። ከቀኛዝማቹ አጥር ውጭ፣ መንገዱ ዳር፣ አንድ ትልቅ ወይራ አለ። የደከመው ሁሉ ወይራው ሥር ያርፋል፤ ያረፈውም ብዙ ጊዜ አይነሳም። ግቢያችን ውስጥ ደግሞ የማይደርቅ የውሃ ጉድጓድ ነበር። አያ እንድሪስ በአጥሩ ሥር ባለች ክፍተት በቅል ውሃ ያቀብሏቸው ነበር። ቀኛዝማቹ ሲደርስበት አልተቆጣም። ክፍተቷን በአጋም እሾህ አስደፈናትና፣ «ውሃው የጽጌረዳዋ ነው» አለ። ለእኛ ለተከራዮቹም ማንም ከእነዚህ ሰዎች አንድ ያስገባ እንደሆነ አብሮ ይወጣል ብሎ ነገረን።

በዚያው ሰሞን የአገሩን ሁኔታ የሚያዩ እንግዶች ከላይ ተልከው ይመጣሉ ተባለ። ቀኛዝማቹ «ግብዣው እኔ ቤት ነው» አለ። ከምሳው በረንዳ ፊት ለፊት ደግሞ ያ የእንጨትና የሽቦ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ያ ወይራ ነው ያለው። አያ እንድሪስን ጠራቸውና፣ «አጥሩን አልብስልኝ። ከዚህ ወንበር ሆኜ መንገዱን ማየት የለብኝም» አላቸው። እንግዶቹ መጥተው እስኪሄዱም ከግቢ እንዳይወጡ አዘዛቸው።

አያ እንድሪስ እሺ አሉ። ይህንንም አልደብቅም። እሺ ብቻ አላሉም፤ እንዲያ ያለ ሥራ ሠርተው አያውቁም። ጠዋት ማታ ውሃ እየቀዱ፣ እያንዳንዷን ክንድ እየጠመዘዙ፣ ቀዳዳ ባዩበት ቀንበጥ እየሰኩ፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አጥሩ የቅጠል ግድግዳ ሆነ። ከዚያ ማበብ ጀመረች። ቀላ ያለች፣ ትንንሽ፣ ዘለላ ዘለላ የምትወጣ አበባ ናት። ያንን ውበት አሁን ሳስበው ያቅለሸልሸኛል።

አሁን የራሴን ልናገር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ በግቢው በር አንዲት ሴት ቆማ አገኘሁ። ዘበኛው መልሷታል። ፊቷ አጥንት ብቻ ነው፤ የለበሰችው የተቀዳደደ ጥቁር ቀሚስ። «እንድሪስ እዚህ ነው የሚሠራው?» አለችኝ። እህቱ ዘይነባ ነኝ፣ ከቆላ ነው የመጣሁት፣ ጥሪልኝ አለችኝ። ዘበኛው እያየኝ ነበር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እነግርልሻለሁ፤ ወይራው ሥር ሆነሽ ጠብቂው» አልኳት። መረቀችኝ፤ ሄደች።

ማታ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ማታ ቀኛዝማቹ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ጠዋት አልኩ። ጠዋት ደወል ደረሰብኝ። ዛሬ፣ ነገ እያልኩ ሁለት ቀን አለፈ። ሁለት ቀን ምን አላት ትሉ ይሆናል። ለጠገበ ሰው ምንም አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወይራው ሥር ሁለት ሰው ሞቶ ተገኘ። እንግዶቹ ሊደርሱ ስለሆነ ቶሎ ይነሣ ተባለና፣ አያ እንድሪስ መቃብር እንዲቆፍሩ ተፈቅዶላቸው ወጡ። የአንዷን አስከሬን ሊያነሡ ፊቷን ገለጡ፤ ዘይነባ ነበረች። ራሳቸው ተሸክመው ወሰዷት፣ የሰፈር ሴቶች አጠቧት፣ ራሳቸው ቆፈሩ፣ ራሳቸው ጉድጓድ ገብተው አጋደሟት።

ሲመለሱ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳቸው። በሩ ላይ እንዳገኘኋት፣ እነግርልሻለሁ እንዳልኳት፣ እንዳልነገርኩ። ይመቱኛል ብዬ ነበር፤ ቢመቱኝ በወደድኩ።

«ስሜን ጠራች?» አሉኝ።

«አዎ።»

ወደ አጥሩ እያዩ፣ «ስታስል ሰምቻታለሁ» አሉ። «እኔ በዚህ በኩል አስራለሁ፣ እሷ በዚያ በኩል ትስላለች። ቅጠሉን ብገልጠው አያት ነበር። እንዳይበላሽ ብዬ አልገለጥኩትም።»

ከዚያ ባልዲያቸውን አንሥተው ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። እስከ እንግዶቹ ቀን ድረስ ጽጌረዳዋን ከበፊቱ አብልጠው ተንከባከቧት። የረገፈውን አበባ እየለቀሙ፣ የላላውን ቃጫ እያደሱ፣ ጎንበስ ቀና ሲሉ ሳይ ጠላኋቸው። ሎሌ ሁልጊዜ ሎሌ ነው አልኩ በልቤ። የራሴን ፍርሃት በእሳቸው ላይ መጫኔ ነበር፤ ያኔ ግን አልገባኝም።

እንግዶቹ አራት ነበሩ። ምሳው በረንዳው ላይ ተዘረጋ። እኔም የተማረ ሰው ይኑር ተብዬ ከማዕዱ ጫፍ ተቀምጫለሁ። ቀኛዝማቹ ያችን የጭሰኛ ቀልዱን ሲጀምር አያ እንድሪስ በተሰጣቸው አዲስ ካኪ ልብስ ከጓሮ ብቅ አሉ። በአጥሩ ግራ ጫፍ ጀምረው አንዱን ቃጫ ሳቡ። ሁለተኛውን ሳቡ። አይሮጡም፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ሥራ እንደሚሠራ ሰው፣ አንድ በአንድ እየሳቡ ወደ ቀኝ ሄዱ። መሃል ሲደርሱ የጽጌረዳዋ ክብደት የቀረውን ራሱ ይዞት ወረደ። አጥሩ ራቁቱን ቀረ። ከወዲያ ወይራው፣ ከወይራው ሥር ሰዎቹ። ፊታቸው ወደ እኛ ነበር፤ የምግቡ ሽታ ከጠዋት ጀምሮ ሲደርሳቸው ኖሯል።

የእንግዶቹ አለቃ ሹካውን አስቀመጠ። አሁን ይነሣል፣ አሁን አንድ ነገር ይላል ብዬ ዓይን ዓይኑን አየሁ። ሰውየው ተነሣ። ወንበሩን አዙሮ፣ ጀርባውን ለአጥሩ ሰጥቶ ተቀመጠ። ሌሎቹም አዞሩ። ቀኛዝማቹ አየኝ፤ እኔም አዞርኩ።

አያ እንድሪስን እዚያው ግቢ ውስጥ በጅራፍ ገረፏቸው። ካኪውን አስወልቀው፣ በሸሚዝ ብቻ አውጥተው ወይራው ሥር ጣሏቸው። ጽጌረዳዋም ከሥሯ ትቆረጥ ተባለ። ዘበኛው በመጥረቢያ ከአፈር በላይ ያለውን ጨረገደው፤ ሥሯን ቆፍሮ ለማውጣት ግን ሰነፈ። በስንፍናው ያመሰገንኩት ሰው እሱ ብቻ ነው።

አያ እንድሪስ ከሰዎቹ ጋር ከርመው የእርዳታ እህል እስኪመጣ ተረፉ። ከዚያ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አልሞላም፣ አገሩ ተገለበጠ። ንጉሡ ወረዱ፣ መሬት ላራሹ ታወጀ፣ ዘማች ተማሪዎች መጡ፣ የቀኛዝማቹ ግቢ የገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሆነ። ቀኛዝማቹም ታሰረ። «ጌታዬ» እያልን ስንነሣለት የነበርን ሁሉ በእስር ቤቱ አጠገብ ስናልፍ ሳቅ ያመልጠን ነበር። አላፍርበትም።

በገበያው ሜዳ ስብሰባ ተጠራ። የተበደለ ይናገር ተባለ። ብዙ ሰው ተናገረ፤ ስለ እርሻ፣ ስለ በሬ፣ ስለ ሴት ልጅ። አያ እንድሪስ ተራቸው ሲደርስ ሸሚዛቸውን ገልጠው ጀርባቸውን ያሳያሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላሳዩም። የዘይነባን ነገር በአጭሩ ተናገሩ። መነጽር ያደረገ አንድ ዘማች፣ ታዲያ ምን ይደረግ ነው የሚሉት አላቸው። ከኋላ «ይገደል» የሚል ተነሣ።

«ጥይት አጭር ነው» አሉ አያ እንድሪስ። «እኔ የምለምናችሁ ጽጌረዳዋ አጥሩን እስክታለብስ እንድትቆዩኝ ነው። ያን ጊዜ በገበያ ቀን፣ በገበያ ቀን ወይራው ሥር ይቀመጥ። እኛ ከውስጥ እንሆናለን። እሱ ከውጭ ይሁን። ሌላ አልፈልግም።»

ዘማቹ አልገባውም። ይህ አብዮታዊ አይደለም ብሎ ሊከራከር ጀመረ። ገበሬው ግን ወዲያው ገባው፤ ዘርቶ መጠበቅ ያውቃል። ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ።

ያንን ክረምት እኔ ነኝ የማውቀው። አያ እንድሪስ ወደ ግቢው በአትክልተኝነት ተመለሱ። ከጉቶዋ ሦስት ቀንበጥ አውጥታ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ቶሎ ታብብ ብለው አልጨቀጨቋትም፤ ክንዷ ይርዘም ብለው ለቀቋት። በየሳምንቱም እኔ በእስር ቤቱ በኩል ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ለቀኛዝማቹ መልእክት ይልኩብኛል። «አንድ ክንድ አደገች በይልኝ።» «አዲሱ ቅጠል ቀላ ያለ ነው፣ ጤነኛ ናት በይልኝ።» አንድ ጊዜ፣ «ቅማል ነክቷት ነበር፤ በእንዶድ ውሃ አጥቤ አድኛታለሁ፣ አይስጋ በይልኝ» አሉኝ። በመስኮቱ ቆሜ ቃል በቃል አደርስ ነበር። ፊቱ በየሳምንቱ ሲለወጥ አይቼ ጠግቤ አላውቅም። በቀል መራራ ነው የሚል ሰው ቀምሶት አያውቅም፤ ወተት ነው።

በሁለተኛው ዓመት ከመስቀል በኋላ አጥሩ ለበሰ። የመጀመሪያው የገበያ ቀን ቀኛዝማቹን አምጥተው ወይራው ሥር አስቀመጡት። አገሩ ሁሉ ሊያይ መጥቶ ነበር። ካየው በኋላ ግን የሚያደርገውን አጣ። የሰደበውም፣ ያናገረውም የለም፤ ሰው በአጠገቡ እያለፈ ወደ ገበያው ሄደ። አያ እንድሪስ ከውስጥ ቃጫ ያስራሉ፤ እኔ ጉድጓዱ አጠገብ ቆሜያለሁ። ፀሐዩ ከበረታ በኋላ ከቅጠሉ ወዲያ ድምፅ መጣ። «ውሃ» አለ።

አያ እንድሪስ ሰሙ። እጃቸው ሳይቆም ያንኑ ቋጠሮ ጨረሱ። ሌላ ጀመሩ። ድምፁ ደግሞ መጣ። እኔ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ ከጭንቅላቴ እስከ እግሬ ደስ አለኝ። ሦስተኛውን ቋጠሮ ሲጨርሱ ቅሉን ሞልተው፣ ቅጠሉን ገልጠው፣ በአጥሩ መሃል አቀበሉት። ተናደድኩ። እንዴት ይሰጡታል፣ ለእሷ ማን ሰጣት አልኳቸው።

«እታለም፣ ወላሂ ከአዘኔታ አይደለም» አሉኝ። «ቢሞትብኝ ማን ይቀመጥልኛል?»

እንዲህ አንድ ዓመት ያህል ተቀመጠ። ከዚያ ዘማቾቹ ሄዱ። አዲስ የመጣው ሹም፣ ይህ ቅጣት በየትኛው መመሪያ ላይ ነው ብሎ ጠየቀ፤ የሚያሳየው ሰው ስላልነበረ ቀኛዝማቹ ተለቀቀ። ቤት የለ፣ መሬት የለ፣ ከገበያው ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ገባ። አያ እንድሪስ ግን ጽጌረዳዋን አልተዉም። በየዓመቱ አውርደው ከርክመው መልሰው ሲያስሯት፣ መሃሏ ላይ የሰው ፊት የምታህል ቀዳዳ ይተዋሉ። ገጠሬ ሁሉ ጉዳይ ሊያስፈጽም ሲመጣ ያችን ቀዳዳ እያየ ይህን ማን አበላሸው ይል ነበር።

ቀኛዝማቹ ለዕርቅ ሽማግሌ መላክ የጀመረው ያኔ ነው። አንድ ሼህና አንድ ቄስ አብረው ይመጣሉ፤ በእኛ አገር ደም ያለበት ነገር ያለ ሁለቱ አይያዝም። ቄሱ፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት አሏቸው አንድ ቀን። አያ እንድሪስ ሳቁ። «እኔ የምሰርቀው የለኝም አባ፤ ልሳል ተዉኝ» አሏቸው። ቄሱም ሳቁ፤ ሁለቱም ሳይቆጡ ሄዱ፣ በዓመቱ ደግሞ መጡ። ይህ ለብዙ ዓመት የሰፈሩ ወግ ነበር። ሰው ቂም የማያውቁ ያላቸው ይህንን ሳቃቸውን እያየ ይሆናል።

በሰባ ሰባት ሌላ ክፉ ቀን መጣ። በዚያው ዓመት ቀኛዝማቹ ታመመ፤ አይተርፍም ተባለ። በወሎ እስላሙም ክርስቲያኑም ሊሞት ሲል የበደላቸውን አስጠርቶ «አውፍ በሉኝ» ይላል። ይቅር በሉኝ ነው። አውፍ ሳይባል የሄደ ነፍሱ ትጨነቃለች፣ ወዲያም የሚጠብቀው ከባድ ነው ይባላል። የሚሞት ሰው ይህንን ለምኖት እምቢ ያለ ሰው መኖሩን ሰምቼ አላውቅም። ሼሁና ቄሱ መጀመሪያ እኔ ዘንድ መጡ። እንድሪስ አንቺን ይሰማል፣ አብረሽን ነዪ አሉኝ። ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ እምቢ እንዲሉ ስጸልይ ነበር።

አያ እንድሪስ እጃቸውን ታጥበው፣ መቀሱን ሰቅለው ተከተሉን።

ክፍሏ ጨለማ ነበረች። ቀኛዝማቹ ጠፍር አልጋ ላይ ተኝቷል፤ ያ ትልቅ ሰውነት አልቆ ከብርድ ልብሱ በታች ሰው መኖሩም አይታይም። አያ እንድሪስ በርጩማ ስበው ፊቱ አጠገብ ተቀመጡ። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ መስቀላቸውን ያዙ። ቀኛዝማቹ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ «እንድሪስ፣ አውፍ በለኝ» አለ። በዚያ አፍ ልመና ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

አያ እንድሪስ በርጩማውን ይበልጥ አስጠጉ።

«ግርፋቱን አውፍ ብዬሃለሁ» አሉት። «ጀርባው የኔ ነው፣ ልተውልህ እችላለሁ። ራቁቴን ያባረርከኝንም አውፍ ብዬሃለሁ።»

ቄሱ እፎይ ሲሉ ሰማሁ። እኔ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቀው ሰጡት ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። አያ እንድሪስ አልጨረሱም ነበር።

«የዘይነባ ግን የኔ አይደለም» አሉት። «የሌላ ሰው ነገር እንዴት አድርጌ እሰጥሃለሁ? አንተ አሁን ወደሷ እየሄድክ ነው። ስትደርስ ራሷን ጠይቃት።»

ሼሁ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው መለሱ። ቀኛዝማቹ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አፍጥጦ ቀረ። በማግሥቱ ሞተ፤ ዓይኑን ለመክደን ሁለት ሰው አስፈልጓል ሲባል ሰምቼ፣ ደግሞ ንገሩኝ ብያለሁ።

ከዚያች ክፍል እንደወጣን ሽማግሌዎቹ በአንድ በኩል ሄዱ፤ እኔና አያ እንድሪስ ወደ ግቢው አብረን መጣን። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከጎናቸው ስሄድ በመሬት የምሄድ አልመሰለኝም። ትንሽ እንደሄድን ግን በሩ ላይ ቆማ የመረቀችኝ ትዝ አለችኝ። ቆምኩ።

«አያ እንድሪስ፣ እኔንስ?» አልኳቸው። «እነግርልሻለሁ ብያት አልነገርኩም። ወንበሬንም አዙሬያለሁ። አውፍ በሉኝ።»

እሳቸውም ቆሙ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩኝ። በዓይናቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ዳቦዬን ከእሳቸው ጋር ቆርሻለሁ፣ ስታመም ጠይቀውኛል፣ ወደ ደሴ ስዛወር ሻንጣዬን ተሸክመውልኛል። ይህንን ጥያቄ ግን ሁለተኛ አልጠየቅኋቸውም፣ እሳቸውም የዚያን ቀን መልሳቸውን አልለወጡም።

«የአንቺም ከሷ ዘንድ ነው፣ እታለም» አሉኝ። «ብቻ አንቺ ገና ትንሽ ትቆያለሽ። የምትያትን አስቢበት።»

አርባ ዓመት ሊሆነኝ ነው እያሰብኩ። እስካሁን የምላትን አላገኘሁም።